የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ፤ አሁንስ? ከውጤት ገጹ እስከ ግቢው በር

የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ስልክ ላይ ያፈጣል። ገጹ ይጨናነቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እናት ትጸልያለች። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይመጣል። ጎረቤቱም፣ አክስቱም፣ ጓደኛውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ስንት መጣ?»

ድምሩን ብቻ አይቶ የሚጨፍርም፣ አንገቱን የሚደፋም ተማሪ ሳይ ያሳስበኛል። ድምሩ ስለ ማለፍና መውደቅ ይናገራል እንጂ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። ያንን የሚነግሯችሁ ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው። ድምሩ ከስንት እንደታሰበ፣ በየትምህርቱ ያመጣችሁት ነጥብ፣ እና በዚያው ዓመት የሚወጡት ማስታወቂያዎች። ከዚህ በታች ያለውን ውጤታችሁን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ አንብቡት። እስክሪብቶም ያዙ።

በመጀመሪያ ለወላጆች

እናንተ የተፈተናችሁት ሌላ ፈተና ነው። በማትሪክ ዘመን ውጤቱ በፊደል ይሰጥና ወደ ነጥብ ይቀየር ነበር፤ «አራት ነጥብ አመጣ» ሲባል ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ እሱም በፊደል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ከብሔራዊ ፈተናዎች ለዩኒቨርሲቲ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይያዛል። ስለዚህ ልጃችሁን «ኤ ስንት አለህ?» ብላችሁ አታስጨንቁት።

ሌላም ነገር አለ። ከ2014 ዓ.ም. በፊት መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤ በፆታ፣ በአካባቢና በትምህርት መስክ ይለያይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተቀየረ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ለማለፍም 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ሆነ። ያኔ ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፈ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩባቸው ዓመታት ናቸው። ይህን የማነሳው ማንንም ለማጽናናት አይደለም። ልጃችሁ 50 ካላመጣ ከመቶ ተማሪ ከዘጠና የሚበልጠው ያለበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ሰነፍ ነው ብላችሁ ከመፍረድ በፊት መምህር ያልነበረውን ክፍል፣ ያልተከፈተውን ቤተ ሙከራ፣ በጦርነት የተዘጋውን ትምህርት ቤት አስቡ።

ደረጃ 1፦ ውጤቱን ከትክክለኛው ቦታ እዩ

ፈተናውን የሚያዘጋጀውና ውጤቱን የሚያወጣው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። በቅርብ ዓመታት ውጤት የሚለቀቀው ከጳጉሜ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በድረ ገጽ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ቦት ማየት ይቻላል። አድራሻው ሊቀየር ስለሚችል አምና ወንድማችሁ የተጠቀመበትን ሊንክ ይዛችሁ አትቀመጡ። በትምህርት ሚኒስቴርና በአገልግሎቱ ይፋዊ ገጾች ላይ የወጣውን የዘንድሮ ማስታወቂያ ተከተሉ።

ለመግባት የሚያስፈልጋችሁ የአድሚሽን ቁጥራችሁ ነው። የመፈተኛ ካርዱ ላይ አለ። ካርዱን ክረምቱን ሙሉ በጥንቃቄ አስቀምጡት፤ ፎቶም አንሱት። ቁጥሩን ለማንም አትስጡ።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ቴሌግራም ላይ «ውጤት እናስተካክላለን»፣ «ዩኒቨርሲቲ እናስቀይራለን» የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ። አንዳንዶቹ የሚኒስቴሩን አርማ ለጥፈው፣ ስሙን በአንድ ፊደል ለውጠው ይመጣሉ። የሚፈልጉት ገንዘባችሁን ነው። በድንጋጤ ላይ ያለ ወላጅ የሚጠየቀውን ይልካል። ውጤት በገንዘብ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። የጠየቃችሁን ሁሉ ብሎክ አድርጉት።

ገጹ ካልከፈተላችሁ አትረበሹ። ሌሊት ወይም ማለዳ ሞክሩ። ሲከፍት ስክሪንሾት ያዙ፤ በማግስቱም ፕሪንት አድርጉት። ስማችሁ፣ የአባትና የአያት ስማችሁ፣ ፆታችሁ፣ የትምህርት መስካችሁ በትክክል መጻፉን እዚያው አረጋግጡ። የስም ፊደል ስህተት ዛሬ ቀላል ይመስላል። ዲግሪ ሲታተም፣ ፓስፖርት ሲወጣ ግን ብዙ ያንከራትታል።

ደረጃ 2፦ ድምሩን ወደ መቶኛ ቀይሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምሩ በየዓመቱ ከተመሳሳይ ቁጥር አይታሰብም። ከ700 የታሰበበት ዓመት አለ፣ ከ600 የታሰበበትም አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ እንኳ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ድምር የተለያየበት ጊዜ ነበር። ስንት ትምህርት እንደተቆጠረ ይወስነዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቆጠሩላችሁን ትምህርቶች ቁጠሩ። ስድስት ከሆኑ ድምሩ ከ600 ነው፤ ማለፊያው 300። ሰባት ከሆኑ ከ700 ነው፤ ማለፊያው 350። ከዚያ ያመጣችሁትን ድምር ለሙሉው አካፍሉና በ100 አባዙ።

አንዷ ተማሪ ከ600 312 አመጣች እንበል። 52 ከመቶ ነው፤ አልፋለች። ታላቅ ወንድሟ በቀደመው ዓመት ከ700 340 አምጥቶ ነበር። ቁጥሩ ከእሷ ይበልጣል። ግን 48.6 ከመቶ ነው፤ አላለፈም። እነዚህን ሁለት ልጆች በድምር የሚያወዳድር ቤተሰብ ሁለቱንም ይበድላል።

የማለፊያው 50 ከመቶ የሚታየው በጠቅላላው ድምር ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት 50 ማምጣት አይጠበቅም። ሒሳብ 35 አምጥቶ በሌላው አካክሶ ያለፈ ተማሪ ብዙ ነው። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ድምር ደግሞ በተፈተኑት ትምህርት ልክ ስለሚታሰብ ከክፍል ጓደኞቻቸው ድምር ጋር አታስተያዩት፤ እዚያም መታየት ያለበት መቶኛው ነው።

የጥያቄው ብዛትም አያደናግራችሁ። አንዱ ፈተና 65 ጥያቄ፣ ሌላው 100 ጥያቄ ሊኖረው ይችላል። ውጤቱ ግን ሁሉም ወደ 100 ተቀይሮ ነው የሚመጣው። 65 ጥያቄ ካለው ፈተና 39 የመለሰ ተማሪ ውጤቱ 60 ነው። ከፈተና ሲወጣ «39 ሠርቻለሁ» ያለ ልጅ 60 ሲያይ ስህተት ነው ብሎ እንዳይደነግጥ።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ትምህርት ለብቻው አንብቡ

እዚህ ረጋ በሉ። እኔ ውጤት ይዞ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የምለው «ድምሩን በእጅህ ሸፍነው» ነው። ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እናየዋለን።

ሁለት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ውሰዱ። ሁለቱም ከ600 330 አመጡ፤ 55 ከመቶ። የመጀመሪያዋ፦ እንግሊዝኛ 72፣ ሒሳብ 34፣ ፊዚክስ 38፣ ኬሚስትሪ 55፣ ባዮሎጂ 70፣ አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) 61። ሁለተኛው፦ እንግሊዝኛ 41፣ ሒሳብ 74፣ ፊዚክስ 66፣ ኬሚስትሪ 58፣ ባዮሎጂ 43፣ አፕቲትዩድ 48።

ድምራቸው አንድ ነው። ልጆቹ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዋ «ኢንጂነሪንግ ነው የምገባው» ካለች አንደኛ ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ይጠብቋታል። መግባት ትችላለች፤ ክረምቱን ግን ሒሳብ ላይ መዋል አለባት። ዝንባሌዋን ያየ ሰው የጤና ሳይንስን፣ ባዮሎጂን፣ ግብርናን፣ የአካባቢ ሳይንስን አስቢበት ይላታል። ሁለተኛው በስሌት ጎበዝ ነው። እሱን የሚያሰጋው እንግሊዝኛው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ሳይኮሎጂውም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። 41 ያመጣ ተማሪ መጽሐፍ ማንበብ ዛሬውኑ ካልጀመረ በሚያውቀው ትምህርት ላይ እንኳ ነጥብ ይጥላል።

ለሶሻል ተማሪዎችም ሐሳቡ ያው ነው። ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የሚያስብ ተማሪ ሒሳቡን ይይ። ሕግ የሚያስብ ደግሞ እንግሊዝኛውን ይይ። ሕግ ማለት ንባብ ነው። ጂኦግራፊ ከፍ ብሎ ሒሳቡም ደህና ከሆነ የከተማ ፕላንና የመሬት አስተዳደር ዘርፎች አሉ፤ ብዙ ተማሪ ስማቸውን እንኳ ሳይሰማ ነው ፎርም የሚሞላው።

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ። በአንደኛው ከ60 በላይ ያመጣችሁባቸውን፣ በሁለተኛው ከ45 እስከ 60 ያሉትን፣ በሦስተኛው ከዚያ በታች ያሉትን ጻፉ። በየጎናቸው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የትምህርት ቤት ውጤታችሁን ጨምሩ። ትምህርት ቤት 90 ተሰጥቶት በብሔራዊ ፈተናው 40 የመጣ ትምህርት ካለ ወይ ትምህርት ቤቱ ነጥብ ያድላል፣ ወይ በዕለቱ አንድ ነገር ተፈጥሯል። የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ይህችን ወረቀት አትጣሏት፤ ፎርም ስትሞሉም ዲፓርትመንት ስትመርጡም ትፈለጋለች።

ደረጃ 4፦ ቅሬታ ካላችሁ ቶሎ

ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ የሚከፈተውም በኦንላይን ነው። ቅሬታ የሚያስኬደው አንድ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ሳይመጣ ሲቀር፣ ያልተፈተናችሁት ትምህርት ሲመጣ፣ መስካችሁ ሲሳሳት፣ የስም ስህተት ሲኖር ነው። «ከዚህ በላይ ጠብቄ ነበር» ማለት ለብቻው ብዙም አያራምድም፤ ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን ነው። አቤቱታችሁን በአጭሩ ጻፉ። የአድሚሽን ቁጥር፣ ትምህርቱ፣ የተፈጠረው ነገር፣ በቃ። ትምህርት ቤታችሁንም አሳውቁ፤ ብዙ ተማሪ ላይ የደረሰ ስህተት ከሆነ ርዕሰ መምህሩ በጋራ ሲያቀርበው ይበልጥ ይሰማል።

ደረጃ 5፦ ያለፋችሁ ከሆነ፣ ከፊታችሁ ሦስት በር አለ

50 ማምጣት የመግባት መብት ይሰጣል። የት እንደምትገቡ ግን ገና አልተወሰነም።

የመጀመሪያው በር የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። አብዛኛው ተማሪ በዚህ ይገባል። በሚኒስቴሩ ፖርታል ላይ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ ምደባው በኮምፒውተር ይሠራል። ውጤታችሁ፣ የምርጫችሁ ቅደም ተከተልና ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ተማሪ ብዛት ይወስናሉ።

ሁለተኛው በር የራሳቸውን ፈተና የሚሰጡት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ እንዲሆን ተወስኗል፤ ብሔራዊውን ፈተና ያለፉ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይለያል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና ነው። እዚህ ላይ በየዓመቱ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከክፍለ ሀገር ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆች ማመልከቻው ተለይቶ እንደሚሞላ ሳያውቁ ቀኑ ያልፍባቸዋል። ምደባ ላይ ብቻ ይጠብቃሉ። የከተማ ልጅ ከጓደኛው ሰምቶ ያመለክታል፣ የገጠሩ ልጅ ግን ሬዲዮ ላይ ሲነገር ካልሰማ አይሰማም። ይህን የምታነቡ የምታውቁት ተማሪ ገጠር ካለ ደውሉለት። የምዝገባው ጊዜ ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በር የግል ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ነው። ለዲግሪ እዚያም የዓመቱ ማለፊያ ነጥብ ያስፈልጋል። «50 ባታመጣም እኛ በቀጥታ ለዲግሪ እንመዘግብሃለን» ያለ ተቋም ካጋጠማችሁ ክፍያ ሳትከፍሉ ውጡ። አራት ዓመት ተምራችሁ ዲግሪው ዕውቅና ሊያጣ ይችላል። የተቋሙን ፈቃድ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ብቻ አይደለም። ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ዘርፉ፣ በመደበኛ ወይም በርቀት ለመስጠትም ለየብቻ ነው። አንድ ኮሌጅ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ኖሮት ለፋርማሲ ላይኖረው ይችላል። ሌላ ጥያቄም ጠይቁ፤ «በመውጫ ፈተና ስንት ተማሪ አሳለፋችሁ?» ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይወስድም። ለዚህ ጥያቄ ዙሪያ ጥምጥም የሚመልስ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ደረጃ 6፦ የምርጫ ፎርሙን በእርጋታ ሙሉ

ኢንተርኔት ቤት ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምትሞሉት ነገር አይደለም። ማታ ቤት ውስጥ በወረቀት ጨርሱት፤ በማግስቱ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት።

ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ የምትፈልጉት ዘርፍ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል ወይ የሚለው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው፤ ሁሉም ሁሉን አያስተምሩም። መንግሥት በተልዕኮ ከፋፍሏቸዋል፤ የምርምር፣ የተግባር ሳይንስ እና አጠቃላይ ተብለው። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ሐሮማያ፣ አርባ ምንጭና መቐለ ከምርምሮቹ ይመደባሉ። ጎንደርና ጅማ በጤና፣ ሐሮማያ በግብርና የቆየ ስም አላቸው፤ አርባ ምንጭ የተነሳው ከውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በአንጻሩ የሕክምና ትምህርት የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ መርጣችሁ «ሕክምና እፈልጋለሁ» ማለት አይሆንም። የዩኒቨርሲቲውን የዲፓርትመንት ዝርዝር ከገጹ አውጡ።

ሁለተኛው ርቀትና ጸጥታ ነው። ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ግን ወላጅ ሁሉ ያስበዋል። መንገዱ ክፍት ነው? የአየሩ ሁኔታስ ከጤናችሁ ጋር ይስማማል? አስም ላለበት ልጅ ሰመራና ደብረ ብርሃን አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። አንደኛ ምርጫችሁ ከልብ የምትፈልጉት ይሁን። ከታች ያሉትንም «የትም ይሁን» ብላችሁ አትሙሏቸው። ስምንተኛ ምርጫም ምርጫ ነው፤ ልትመደቡበት ትችላላችሁ። ጓደኛ ስለሄደ ብቻ አትከተሉ። ጓደኛችሁ ሌላ ዲፓርትመንት ሲገባ እናንተ ከማትፈልጉት ትምህርት ጋር ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

ልዩ ሁኔታ ያላቸው ተማሪዎች በጊዜው ማስረጃ ካቀረቡ ይታይላቸዋል። ከባድ የጤና ችግር፣ አካል ጉዳት፣ መንታነት፣ የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ይካተታሉ። ለጤና ችግር የሆስፒታል የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው የሚፈለገው። እሱን ለማግኘት ቀናት ይወስዳል፤ ፎርሙ እስኪከፈት አትጠብቁ። ምደባ ከወጣ በኋላ ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው።

ደረጃ 7፦ 50 ካልመጣ

ሁለት ሦስት ቀን አልቅሱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ከዚያ መቶኛችሁን አውጡ። 47 ያመጣና 28 ያመጣ ተማሪ የሚሄዱበት መንገድ ይለያያል።

ለ50 ቀረብ ካላችሁ በመጀመሪያ የሪሜዲያል ማስታወቂያውን ጠብቁ። የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፤ የተጀመረው የ2014ቱን ውጤት ተከትሎ በ2015 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ለተወሰኑ ወራት የሁለተኛ ደረጃ ዋና ዋና ትምህርቶችን ትከልሳላችሁ። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ለብቻው ይወጣል፤ በፆታና በመስክም ይለያያል። የአምናውን ይዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ የአምናውን ይዛችሁም አትተማመኑ። ከጅምሩ የምዘናው ትልቁ ድርሻ፣ 70 በመቶው፣ ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነበር፤ 30ው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው። ከዚያ 50 ያመጣ ወደ ፍሬሽማን፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ ይቀጥላል፤ ያላመጣ ይመለሳል። ስለዚህ ሪሜዲያል የገባ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ብሎ አይዝናና። ሁለተኛ ፈተና ከፊቱ አለ፤ ወራቱም እንደ ጥላ ያልፋሉ።

ሁለተኛው መንገድ በድጋሚ መፈተን ነው። የግል ተፈታኞች ምዝገባ ከፈተናው ወራት ቀደም ብሎ ይካሄዳል፤ ካመለጠ ዓመቱ አመለጠ። ድጋሚ ለመፈተን የወሰነ ሰው የሦስት ዓምዷን ወረቀት ያውጣ። 44 ከመቶ ያመጣ ተማሪ ከ600 የጎደለው 36 ነጥብ ነው። በስድስት ትምህርት ሲካፈል በእያንዳንዱ 6 ነጥብ። ሁሉንም ትምህርት ከዜሮ ማጥናት አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ ነጥብ በቶሎ የሚጨምረው መካከለኛው ዓምድ ላይ ነው፤ 50 ያመጣበትን 62 ማድረግ 25 ያመጣበትን 37 ከማድረግ ይቀላል፤ መሠረቱ አለና። እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሠሩ የሚሻሻሉ ናቸው። ፈተናው ከየትኛው ክፍልና ከየትኛው ሥርዓተ ትምህርት እንደሚወጣ የዓመቱን ማስታወቂያ ሳታዩ መጽሐፍ አትግዙ።

ሦስተኛው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። እባካችሁ ይህን እንደ ቅጣት አትዩት፤ ወላጆችም ልጃችሁን አታሸማቅቁት። በአዲስ አበባ እንደ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ያሉ ኮሌጆች አውቶሞቲቭ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ አይሲቲ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በየክልሉም አሉ። ሥልጠናው በደረጃ፣ በ«ሌቭል» ነው፤ እያንዳንዱን ስትጨርሱ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ትወስዳላችሁ። ሲኦሲ የሌለው የሥልጠና ወረቀት ቀጣሪ ፊት ክብደት የለውም። ከታችኛው ሌቭል ወደ ላይ ማደግ ይቻላል። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ለማግኘት ስንት ጊዜ ደውለን እንደምንለምን እናውቃለን።

ደረጃ 8፦ ምደባው ሲወጣ

የምደባ ዜና ሲወጣ ወዲያው አትጓዙ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የጥሪ ቀን ያወጣል። ቀድሞ የደረሰ ማደሪያ አያገኝም። ጥሪው ላይ የሚጻፈው ዝርዝር ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ መታወቂያ። ከዚያ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤት ለማውጣት የመስከረም ግርግር ያስቸግራል፤ ውጤት እንደወጣ ሂዱና ጠይቁ። የወጪ መጋራት ውልም ትፈርማላችሁ። ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ የምትከፍሉት ዕዳ ነው፤ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ኮፒውንም አስቀምጡ።

ግቢ ስትገቡ የውጤት አቆጣጠሩ ይቀየራል። ፊደሉ ተመልሶ ይመጣል። በአብዛኛው ከ85 በላይ ኤ፣ ከ80 እስከ 84 ኤ ማይነስ፣ 75 ቢ ፕላስ፣ 70 ቢ፣ 60 ሲ ፕላስ፣ 50 ሲ ነው። ነጥቡ ከ4.00 ይታሰባል። ብሔራዊውን ፈተና ያሳለፋችሁ 50፣ እዚህ 2.00 ብቻ ነው፤ ከ2.00 በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያና ዲስሚሳል፣ ማለትም ከትምህርት መሰናበት፣ ይመጣል። በአንደኛው ዓመት የሁሉም መስክ ተማሪ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አሉበት፤ ናቹራል ከሆናችሁ ፊዚክስ ይጨመራል።

ይህ የፍሬሽማን ጊዜ «ማሟሟቂያ» ይመስላል። ብዙ ልጅ እዚህ ነው የሚያመልጠው። ዲፓርትመንት የሚከፋፈለው በፍሬሽማን ነጥብ ነውና። ዩኒቨርሲቲዎች ስሌታቸው ይለያያል። አንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ጨምሮ ያስላል፣ አንዳንዱ የራሱን ፈተና ይጨምራል፣ ለሴት ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚሰጥበትም አሠራር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ሄዳችሁ «የዲፓርትመንት ምደባው በምን ይሰላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የላይኛ ዓመት ተማሪም ጠይቁ፤ አምና ሕክምና፣ ሶፍትዌር ወይም ሕግ ስንት ነጥብ ላይ እንደቆመ በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ቁጥሩን ማደሪያችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከመጀመሪያው ሚድ ኤግዛም ጀምሮ ውጤት በወጣ ቁጥር ከእሱ ጋር እያስተያያችሁ የጎደለውን አስሉ፤ የሎጂኩ ኩዊዝም ሳይቀር ይቆጠራል።